መልክ የማያውቅ መዝገብ ቤት

የሠርግ ፎቶ የታጨቀበትን ፎልደር በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሙሽሮቹ አይደሉም፤ ወረፋ ነው። ግራጫ ካርድ፣ ግራጫ ካርድ፣ ግራጫ ካርድ። ከዚያ ከላይ ጥግ ላይ አንዲት ሚዜ ብቅ ትላለች። ቀጥሎ ኬኩ። ቀጥሎ ደግሞ የማን ወገን እንደሆኑ ማንም የማያውቃቸው፣ ግን ከሁሉም ፎቶ ላይ የማይጠፉ አንድ እናት። እንዲህ እያለ አንድ በአንድ ይሞላል። አጎቴ ይህን ባዩ ቁጥር «ይሄ ነገር እያሰበ ነው?» ይሉኛል። እያሰበ አይደለም ጋሼ፤ እየሳለ ነው።

የሚስለው ዩቲዩበሮቻችን «ታምኔል» የሚሏትን፣ እኔ እዚህ ድንክዬ የምላትን ነው። የዛሬ የሠርግ ካሜራ 24 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ፎቶ ቢያነሳ አይገርምም፤ ወርዱ 6000፣ ቁመቱ 4000። ፎቶው በጄፔግ ተጨምቆ ሲቀመጥ ጥቂት ሜጋባይት ነው። ለማየት ሲዘረጋ ግን ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ባይት ለቀይ፣ አንድ ለአረንጓዴ፣ አንድ ለሰማያዊ እየተቆጠረ 72 ሚሊዮን ባይት ራም ይበላል። በፎልደሩ ላይ የምትታየው ድንክዬ ደግሞ ወርዷ 256፣ ቁመቷ 171 ገደማ ነው። ሒሳቡን ብትሠሩት፣ ያ ሁሉ ድካም ከ500 ከሚበልጡ ነጥቦች አንዷን አስቀርቶ ሌሎቹን ለመጣል ነው። ሙሽራዋ ከንጋት ጀምሮ ሜካፕ ስትቀባ የዋለችው ለዚህ መሆኑን ማን ይነግራታል?

ደግነቱ ኮምፒውተሩ ሁሉንም ዘርግቶ አይጥልም። ጄፔግ ፎቶን የሚጨምቀው 8 በ 8 ወደሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ ነው፤ የየካሬው አማካይ ቀለምም ለብቻው ተጽፎ ይገኛል። ሊብጄፔግ የተባለው፣ በየፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ ተደብቆ የሚሠራ ኮድ ይህን ስለሚያውቅ አማካዩን ብቻ እየለቀመ ፎቶውን በአንድ ስምንተኛ መጠን፣ 750 በ 500 አድርጎ ያወጣዋል። ከዚያ ወደ 256 ማውረድ የአፍታ ሥራ ነው። የቀሚሱ ጥልፍ፣ የሙሽራው ላብ፣ ከኋላ ቆሞ ጥርሱን በስንጥር የሚጎረጉረው እንግዳ፣ ሁሉም ሳይዘረጉ ይታለፋሉ።

ይህን ሁሉ ከደከመ በኋላ ነገ ፎልደሩን ስትከፍቱ እንደገና አይስልም። አስቀምጧታል። የት? በራሳችሁ ሆም ፎልደር ውስጥ፣ ስሙ በነጥብ ስለሚጀምር በማይታይ «ካሽ» በሚባል ፎልደር። ኮንትሮልና ኤችን ስትጫኑ ይገለጣል። ውስጡ ስትገቡ «ተምብኔይልስ» የሚል ሌላ ፎልደር፣ እዚያም ውስጥ በልክ የተከፋፈሉ ክፍሎች አሉ፦ ኖርማል ለ128፣ ላርጅ ለ256፣ ኤክስ ላርጅ ለ512፣ ድርብ ኤክስ ላርጅ ለ1024። ላርጅን ክፈቱት። በሺህ የሚቆጠሩ የፒኤንጂ ፋይሎች ይጠብቋችኋል፤ አንዱም ስም የለውም። ቁጥርና የላቲን ፊደል የተደባለቀበት፣ 32 ምልክት የሚረዝም፣ በቃል ሊያዝ የማይችል ነገር ብቻ።

ይህን ቦታ ባለ ብዙ መደርደሪያ መዝገብ ቤት አድርጋችሁ አስቡት። መዝገብ ያዟ ጎበዝ ናት፤ ዶሴ አይጠፋባትም፣ ሻይ ወጣሁ አትልም፣ ነገ ተመለሱ አትልም። አንድ ጉድለት ብቻ አለባት፦ መልክ አታውቅም። የእናታችሁን ፎቶ ይዛችሁ ብትቀርቡ ቀና ብላ ሳታይ «አድራሻ?» ትላለች። አድራሻ ማለት ፎቶው የተቀመጠበት ሙሉ መንገድ ነው፤ ከየትኛው ዲስክ፣ በየትኛው ፎልደር፣ በምን ስም። ያንን ተቀብላ ኤምዲ5 በሚባል ቀመር ትፈጨዋለች፤ የሚወጣው ባለ 32 ምልክት ቁጥር የዶሴው ስም ይሆናል። ቀመሩን አሜሪካዊው ሮናልድ ሪቨስት በ1992 (እ.ኤ.አ.) አሳተመው። ለምስጢር ጥበቃ ከዋለ በኋላ ደካማነቱ ተጋልጦ ከዚያ ሥራ ተባርሯል፤ እዚህ ግን ሌባ ጠብቅ ያለው የለም፣ ቁጥር ስጥ ብቻ ነው የተባለው። ጡረታ ወጥቶ በር ላይ ካርድ እየሰጠ ይኖራል።

የኤምዲ5 ጠባይ እንዲህ ነው፦ ከአድራሻው አንዲት ፊደል ብትለወጥ ቁጥሩ በከፊል አይለወጥም፣ ጨርሶ ሌላ ይሆናል። ይህ ለፈረንጅ ትንሽ ነገር ነው። ለእኛ ግን ነገሩ ወዲያው ቤተሰብ ይነካል። የአክስቴን ልጅ ሠርግ ፎቶዎች ልጆቹ «ሰርግ» በሚል ፎልደር አስቀመጧቸው። በመጀመሪያ አድራሻው ሲጻፍ መዝገብ ያዟ የግዕዝ ፊደል በቀጥታ አትቀበልም፤ እያንዳንዷ ፊደላችን በኮምፒውተር ሦስት ባይት ናት፣ እያንዳንዷ ባይት ደግሞ በፐርሰንት ምልክትና በሁለት ምልክቶች ትጻፋለች። ስለዚህ ሦስት ፊደል የነበረው «ሰርግ» 27 ምልክት ሆኖ ይገባል። ይሁን፤ ኮምፒውተሩ አይሰለቸውም። ችግሩ አጎቴ ናቸው። የአማርኛ መምህር ነበሩ፤ በእሳቱ ሰ የተጻፈ ሠርግ ሲያዩ ያማቸዋል። ማውዙን ተቀብለው ፎልደሩን «ሠርግ» አሉት፣ በንጉሡ ሠ። እርካታቸው በፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

በዚያች ቅጽበት ለመዝገብ ያዟ የሠርጉ ፎቶዎች በሙሉ ሞቱ። ሚዜዎቹ፣ ኬኩ፣ እኚያ የማይታወቁ እናት፣ ሁሉም አድራሻቸው ተለወጠ፤ ያልታወቁ መጤዎች ሆኑ። ግራጫው ወረፋ እንደ አዲስ ተሰለፈ። «እንደገና እያሰበ ነው?» አሉ አጎቴ። ድሮ የተሳሉት ድንክዬዎች ደግሞ አልጠፉም፤ ባለቤት አልባ ሆነው መደርደሪያው ላይ ቀሩ። ሞኝነት ይመስላል፤ ፎቶው ያው፣ ሰዎቹ ያው። ግን መዝገብ ያዟ በመልክ ብትሠራ ኖሮ ለማወቅ ብቻ እያንዳንዱን ፋይል ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ይኖርባታል፤ በአድራሻ ስትሠራ ፋይሉን ሳትነካ ትመልሳለች። እኔ በበኩሌ ለእሷ እፈርዳለሁ። ለአጎቴ ግን አልነገርኳቸውም።

ከእሷ በፊት የነበረው ሥርዓት ምን እንደሚመስል የምናውቀው ከፍላሽ ነው። በዊንዶውስ ዘመን በየፎልደሩ ውስጥ «ተምብስ ዲቢ» የምትባል ፋይል እናይ ነበር፤ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ቫይረስ ናት እየተባለች ስንቴ እንደተደለተች እግዜር ይወቀው። ቫይረስ አልነበረችም። የዚያ ፎልደር ድንክዬዎች መያዣ ነበረች። የዩኒክስ ሰዎችም ያንኑ ያደርጉ ነበር፦ ኤክስቪ የተባለው ጥንታዊ የፎቶ ማያ ፕሮግራም «ቪዥዋል ሽናውዘር» ብሎ በውሻ ዘር ስም የሰየመው መስኮት ነበረው፤ 80 በ 60 የሆኑ ድንክዬዎቹን በየፎልደሩ ውስጥ በተደበቀ ንዑስ ፎልደር ይጥላል። ለሲዲ ግን አይሆንም፣ ሲዲ ላይ አይጻፍምና። የሌላ ሰው ፎልደርም ላይ አይጻፍም። ከዚያ ደግሞ ሌሎቹ ፕሮግራሞች በየራሳቸው ቋንቋ የየራሳቸውን ይስላሉ፤ አንዱ የሳለውን ሌላው አያነብም፣ አንድ ሙሽራ በአንድ ቤት ሦስት ጊዜ ትሳላለች።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጄንስ ፊንከ የተባለ፣ ጂኖም በሚባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ የፎቶ ማያ ላይ የሚሠራ ሰው ተነሥቶ አንድ ስምምነት ጻፈ። ሁሉም በአንድ ቦታ ያስቀምጥ፣ በአንድ ዓይነት ስም ይሰይም፣ ፒኤንጂ ይሁን፤ በፒኤንጂው ውስጥም የባለቤቱ ፎቶ ሙሉ አድራሻና መጨረሻ የተለወጠበት ሰዓት ይጻፍ። ሲጻፍ በመጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ይጻፍ፣ ሲያልቅ ስሙ ይቀየር፤ ሁለት ፕሮግራሞች ቢጋጩ ግማሽ ሙሽራ እንዳይታይ። ፎልደሩንም ከባለቤቱ በቀር ማንም አይክፈተው። ሕግ አልነበረም፣ የሚቀጣም አልነበረም። ጂኖምና ኬዲኢ፣ በብዙ ነገር የማይስማሙት ሁለቱ የዴስክቶፕ ቤቶች፣ በዚህ ተስማሙ። የጂኖሙ ፎልደር ከፋች ናውቲለስ የሳላትን የኬዲኢው ፎቶ ማያ ጉዌንቪው ያነባታል። ስምምነቱ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ስብሰባ ላይ ለዋለ ሐበሻ ይህ ለማመን የሚከብድ ዜና ነው።

ያልገቡበት የፎቶ ፕሮግራሞችም አሉ። ዲጂካም የራሱን ዳታቤዝ ይይዛል፤ ሾትዌል የራሱን ፎልደር ከፍቷል፤ ፌህ ካልታዘዘ በቀር የሳለውን አያስቀምጥም። ይቅናቸው።

ሰዓቱ ላይ ልመለስ፤ እዚያ ነው የመዝገብ ያዟ ብልሃት ያለው። በአድራሻ ብቻ ብትሠራ የሠርግ ፎቶ አንሺዎች ያበዷት ነበር። የካሜራ ካርዶች ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓይነት ስም ይከፈታሉ፤ ፎቶዎቹም ካሜራው ቁጥሩን ሲያድስ እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። ቅዳሜ የተነሳው የቦሌ ሠርግና እሑድ የተነሳው የአዳማ ምርቃት በኮምፒውተሩ ዓይን አንድ አድራሻ ላይ የሚኖሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ሙሽራዋን ጠርታችሁ ተመራቂው እንዳይመጣ የሚለየው ሰዓቱ ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው በሰከንድ ሲሆን መነሻው ለፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ ለእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ፎልደሩን ስትከፍቱ ድንክዬዋ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ፋይሉ ላይ ያለው ይተያያል። እዚህ ጋ ስምምነቱ ውስጥ የምወድለት ጥንቃቄ አለ፦ ፋይሉ «አዲስ ነው ወይ» ተብሎ አይጠየቅም፤ «ያው ነው ወይ» ነው የሚባለው። ምክንያቱም ሰው በአዲስ ፎቶ ቦታ ላይ አሮጌ ፎቶ ሊተካ ይችላል፤ አሮጌው አዲስ አይደለም ተብሎ ቢታለፍ የትናንቱ ሙሽራ የዛሬዋን ፊት ለብሶ ይቀራል። ልዩነቱ አንዲት ሰከንድም ብትሆን፣ ወደፊትም ሆነ ወደኋላ፣ እንደገና ይሳላል።

መዝገብ ያዟ ያልተሳካውንም ትመዘግባለች። «ፌይል» የሚባል ክፍል አላት። አንድ ፎቶ ተበላሽቶ ወይም በማታውቀው ዓይነት ተጽፎ መሳል ሲያቅታት እዚያ በፎቶው ቁጥር አንድ ባዶ ወረቀት ታኖራለች፤ «ሞክሬ አልሆነም» ማለቷ ነው። ፎልደሩ በተከፈተ ቁጥር በከንቱ እንዳትደክም። ምክንያታዊ ነው። ግን ግትር ናት።

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የአጎቴ ልጅ የልጇን ክርስትና ፎቶዎች ላከች። አፕል ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስልኮቹ ፎቶ የሚያስቀምጡበትን መንገድ ሄይክ ወደሚባል ዓይነት ቀይሯል፤ ከጄፔግ ያነሰ ቦታ ይይዛል፣ ጥራቱም ጥሩ ነው፣ ግን ሁሉም ኮምፒውተር ሲወለድ ጀምሮ አያውቀውም። ፎልደሩ ሲከፈት ሁሉም ግራጫ። «ልጄ ምን ልካ ነው?» አሉ አጎቴ፤ «ፎቶ ነው ወይስ ወረቀት?» የሄይክ ድንክዬ የምትስለዋን ፕሮግራም ጫንኩ። ፎልደሩ ሲከፈት አሁንም ግራጫ። አጎቴ ፊቴን አዩኝ፤ በዓይናቸው ስለ ኮምፒውተር ትምህርት ዋጋ ብዙ ተናገሩ። ነገሩ ግን ይኸው ነው፤ ፎቶዎቹ አልተለወጡም፣ አድራሻቸው አልተለወጠም፣ ሰዓታቸው አልተለወጠም፤ ስለዚህ ባዶው ወረቀት አሁንም ዋጋ አለው። መዝገብ ያዟ ሙያ መማሯን እንጂ ድሮ የማትችለውን አሁን መሞከር እንደሚገባት አታውቅም። የፌይልን ክፍል ባዶ ሳደርገው ሕፃኑ በነጭ ልብሱ፣ ክርስትና አባቱ እቅፍ ውስጥ እያለቀሰ ብቅ አለ። «ያው እንደ አያቱ» አሉ አጎቴ። በምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ስለ ሥዕል ሙያ ሲነሣ አንድ አስደንጋጭ ታሪክ ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ፎልደር መክፈት ብቻ፣ ምንም ሳይጫኑ፣ አደጋ ሊሆን ይችላል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ግን አስቡት፦ ፎልደሩን ስትከፍቱ ኮምፒውተሩ ማንነቱን የማያውቀውን ፋይል ሁሉ ሊስል ውስጡን ይገባል። በ2017 (እ.ኤ.አ.) አንድ የዊንዶውስ ፋይሎችን ድንክዬ የሚስል የሊኑክስ ፕሮግራም የፋይሉን ስም ወስዶ በሚሮጥ ትእዛዝ ውስጥ ሲሰካ ተገኘ። ስሙ ራሱ ትእዛዝ ሆኖ ከተጻፈ ይፈጸማል። ሰው በስሙ ብቻ ሲፈረድበት እናውቃለን፤ ፋይል በስሙ ብቻ ሲፈርድ ያኔ አየን። ክፍተቱ ተደፍኗል። በዚያው ዓመት ጂኖም ሠዓሊዎቹን በሙሉ ባብልራፕ በሚባል አጥር ውስጥ አስገባቸው፤ ኢንተርኔት የላቸውም፣ የቀረውን ቤታችሁን አያዩም፣ የተሰጣቸውን አንድ ፋይል ስለው ይወጣሉ። በልጅነቴ ቤት ሊቀባ የመጣን ቀለም ቀቢ እናቴ ከአንድ ክፍል በላይ አታስገባውም ነበር፤ ጂኖም እስኪነቃ ብዙ ዘገየ።

አሁን ወደ አጎቴ ፍላሽ። ሠርጉ ላይ በሱፍ ዘንጠው ብቻቸውን የተነሱት አንድ ፎቶ ነበር፤ በሕይወታቸው ከተነሱት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው ይላሉ። እሱን ለብቻው ያስገለበጡበት ፍላሽ ጠፋ። ከታክሲ ላይ ይሁን ከኪስ ቀዳዳ አይታወቅም። ፎቶ አንሺው ቤቱን ቀይሯል፣ ስልኩም አይነሳም። የዕድሩ ጸሐፊ ደግሞ ለአዲሱ ደብተር ጉርድ ፎቶ አምጡ ብሏል፤ አጎቴ ከዚያ ፎቶ በቀር ሌላ አልሰጥም አሉ።

ፍላሹ ቢጠፋም የእኔ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ነበር። የተከፈተ ሁሉ ደግሞ ተስሏል። ፎቶ ሲጠፋ ድንክዬዋ አብራ አትሄድም፤ ማን ሄዶ ይነግራታል? ጂኖም ከ180 ቀን በላይ የቆዩትን ይጠርጋል፣ ጠቅላላው ከ512 ሜጋባይት ካለፈም ይቀንሳል፤ ሠርጉ ግን የቅርብ ጊዜ ነው። «ልናገኘው እንችላለን ጋሼ» አልኳቸው። ወንበራቸውን አስጠጉ።

እዚህ ላይ ስም የሌለው ፋይል መከራ ገባኝ። የጠፋው ፎቶ ትክክለኛ አድራሻ በቃሌ ቢኖር ኖሮ በኤምዲ5 ፈጭቼ በቀጥታ እጠራው ነበር። አልነበረም። የላርጅን ክፍል በፎቶ ማያ ከፍቶ አንድ በአንድ መገልበጥ ብቻ ነው የቀረው። ማለትም ባለፉት ወራት ዓይኔ ያየውን ሁሉ፣ ከአጎቴ ጋር። የባንክ ደረሰኝ። «ይሄ ደሞዝህ ነው?» ቀጠልኩ። ከወዳጆች ግሩፕ የመጣ፣ ስለ አማት የሚያሾፍ ምስል። ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ይከብዳል። ከረጅም ጊዜ በፊት የደለትኩት፣ ከቆሻሻ ቅርጫቱም ያጸዳሁት የአንዲት ልጅ ፎቶ፣ 256 በ 171፣ እየሳቀች። «ይቺ ማናት?» የሥራ ባልደረባ። «ለሥራ ባልደረባ አበባ ይያዝላታል?» ቀጠልኩ። ልጅቷ እንደገና፣ በሌላ ልብስ። ልጅቷ፣ ከእኔ ጋር፣ ላንጋኖ። አጎቴ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ስምምነቱ ፎልደሩን ከባለቤቱ በቀር ማንም አይክፈተው ያለው ለምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ተገኘ። ሱፉ፣ ከረባቱ፣ ትንሽ ወደ ጎን ያዘነበለው አንገት፣ በ171 በ 256 ነጥብ ውስጥ ተሟልቶ ቆሟል። «ግን ትንሽ ነው» አልኳቸው፤ «ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አይሆንም።» ጉርድ ፎቶ 3 በ 4 ሳንቲሜትር ነው፤ 256 ነጥብ በአራት ሳንቲሜትር ላይ ሲተኛ በአንድ ኢንች ከ160 ትንሽ ከፍ ይላል። የሕትመት ቤት ልጅ አዲሱን ፍላሽ ተቀብሎ ስክሪኑ ላይ አየውና ስሙን ለማንበብ ሞከረ፤ 32ቱን ምልክት ጨርሶ ቀና አለ።

«አባባ፣ ይሄ ስምዎ ነው?»

«አድራሻዬ ነው» አሉ አጎቴ። «ስምንት ቅጂ አድርግልኝ።»